ሰኞ ያልነገርኩህ

አምኃ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ሱቁ ሲገባ ሉብና ቀና ብላ አየችውና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ማክሰኞ ጠብቃዋለች፣ ረቡዕም ጠብቃዋለች። እንዲህ ከንፈሩ ደርቆ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ይመጣል ብላ ግን አንድም ጊዜ አላሰበችም።

ሱቁ የእናቷ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከሚሰቀልባቸው ሱቆች ጀርባ ባለችው ቅያስ ውስጥ፣ እትዬ ኡሙሀኒ ለሸማኔዎች ክር ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ነው የያዙት። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የሉብና ናት። ኮሌጅ የተማረችውን የኮምፒውተር ጥገና እዚያ ትሠራለች።

አምኃ የጋሽ ሙሉቀን ልጅ ነው። ጋሽ ሙሉቀን ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሸማ መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክራቸውን ከእትዬ ኡሙሀኒ ሱቅ በቀር ከሌላ ቦታ ገዝተው አያውቁም። ልጃቸው ተምሮ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ተቀጥሯል። በየተራራው ጥግ የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ቁጥቋጦ እንደሚበቅል እየዞረ ይመዘግባል። ሁለቱ ቤተሰቦች ይከባበራሉ። በኢድ የነጋሽ ሙሉቀን ቤት መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ በፋሲካ የነእትዬ ኡሙሀኒ ቤት ሄዶ ይጠይቃል። መከባበርና መጋባት ግን ለየቅል ናቸው። ይህንን ለሉብናም ሆነ ለአምኃ ቁጭ አድርጎ የነገራቸው ሰው የለም፤ መነገር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረምና።

ስለዚህ ምንም ተባብለው አያውቁም። አምኃ አንዴ ቻርጀር፣ አንዴ ፍላሽ እያለ ወደ ሱቁ ይመላለሳል። ሉብና ትሠራለታለች። እሱ እጇን ያያል፣ እሷ እንደሚያያት ታውቃለች። በቃ፣ ይኸው ነበር።

«ምን ሆነ?» አለችው አሁን፤ ምን እንደሆነ እያወቀች።

«እኔንጃ ሉብና። ሚሞሪ ከጨመርሽበት ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። ለመነሳት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ካርታውን ልክፈት ስለው ስታክ አድርጎ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ትተኸው ሂድና ነገ...»

«ነገ አይሆንም።» ወደ እትዬ ኡሙሀኒ ዞሮ አየ። ክር እየለዩ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንተርቪው አለኝ። ካርታውን እያሳየሁ ነው የማስረዳው። ያለው ደግሞ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።»

«የምን ኢንተርቪው?»

አምኃ መልስ ከመስጠቱ በፊት የቆየባት ያቺ ቅጽበት ለሉብና ሁሉን ነገረቻት።

«የማስተርስ። ስለ ዘር ጥበቃ ነው፤ ሙሉ ወጪውን ይችላሉ። ናይሮቢ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሁለት ዓመት።»

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ካለፍኩ... ማለቴ ላላልፍም እችላለሁ። ካላለፍኩ ለምን አስጨንቅሻለሁ ብዬ ነው።»

«ካለፍክስ? ከኤርፖርት ልትደውልልኝ ነበር?»

«ሉብና!» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ ከክራቸው ላይ ቀና ሳይሉ። «ሰው ቸኩሎ ዕቃ ሲያመጣ ይሠሩለታል እንጂ ያወሩበታል እንዴ?»

ሉብና ላፕቶፑን ተቀብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። የተሰማት ግን ንዴት ይሁን ፍርሃት እሷም አልለየችውም።

ሰኞ የሆነው እንዲህ ነበር። አምኃ ላፕቶፑ ካርታውን አልሸከም ስላለው ሚሞሪ እንድትጨምርለት አመጣው። ሉብና ብሎኖቹን ፈትታ፣ ክዳኑን አንስታ፣ ከአሮጌው ሚሞሪ ጎን አዲሱን ሰካች። ውጪ አምኃ ከእናቷ ጋር እየተጫወተ ይስቃል። መልሳ ገጠመችና አብርታ ሞከረችው። ተንፏቀቀ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች። ሁለቱ ሚሞሪዎች ፍጥነታቸው የተለያየ ነው፤ አልተስማሙም ማለት ነው ብላ ገመተች። አዲሱን አውጥታ የሚስማማውን እስክትፈልግ ጠብቅ ልትለው ተነሳች። መጋረጃውን ስትገልጠው ቆሞ ይጠብቃታል። «አለቀ?» አላት፤ ፊቱ በርቶ። ላፕቶፑን ደህና አድርጋ ከሰጠችው እንግዲህ በምን ሰበብ ይመጣል? ደግሞስ መቼ? ከአንድ ወር በኋላ? ከሁለት?

«አለቀ» አለችው።

ነገ ይመለሳል፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ። ያኔ አስተካክልለታለሁ ብላ ነበር ያሰበችው። ሌላ ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። ያን ዕለት ማታ ስለ ውሸቷ ሳይሆን ስለሚመጣበት ቀን እያሰበች ነው የተኛችው።

አሁን ካቻቪቴውን አነሳች። አዲሱን ሚሞሪ ታወጣዋለች፣ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ይሆናል፣ አምኃ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አንድ ሰበብ ትፈጥርለታለች፣ እሱም እውነቱን አያውቅም።

አወጣችው። አበራችው።

ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።

አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ብቻውን ሰካችው። ያው ነው። የሚሞሪዎቹን ጥርስ በላጲስ አሽታ፣ እፍ ብላ፣ ቦታቸውን ቀያይራ ሞከረች። ያው ነው። እንግዲህ ነገሩ የሚሞሪው አለመስማማት አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ አውቀዋለሁ ያለችውን በሽታ ለካ ጨርሶ አታውቀውም።

እትዬ ኡሙሀኒ ራሳቸውን በሻርፓቸው እየሸፈኑ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። «የዙሁር ሰላት ደረሰ። እዚህ ጎረቤት፣ ጀዊሪያ ሱቅ ሰግጄ መጣሁ። መጋረጃው ክፍት ይሁን» አሉና ሄዱ። የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ሁለቱንም አላዩም። ሁለቱም ግን ፊታቸው ጋለ።

አምኃ በሩ ላይ ቆሟል። «ተገኘ?»

ሉብና ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መዋሸት ይቻል ነበር። ሐርድ ዲስኩ ነው፣ ዊንዶሱ ነው፣ ቫይረስ ነው፤ ይህን የሚሉ ጠጋኞች ሞልተዋል። ነገር ግን የላብ ጠብታ ከግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ሲቆም አየችና አቃታት።

«አምኃ።»

«እ?»

«ሰኞ ሳስረክብህ ቀርፋፋ እንደሆነ አውቅ ነበር።»

አልገባውም። «ማለት?»

«ከፍቼ ሞክሬዋለሁ። ሲንፏቀቅ አይቻለሁ። አዲሱ ሚሞሪ ከአሮጌው ጋር አልተስማማም ብዬ ገመትኩ። ወይ ማውጣት ነበረብኝ፣ ወይ ላንተ መንገር። ሁለቱንም አላደረግኩም። ሰጠሁህ።»

«ለምን?»

ሉብና እጆቿን አየች። ከዚህ በኋላ የሚወጣው ቃል ተመልሶ የማይገባ ነው።

«ተመልሰህ እንድትመጣ።»

ከውጪ ወያላው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይላል። አምኃ ይህን ቃል በዚህ ሁሉ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ግን በዚህ ቀን፣ በዚህ መልክ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

«ሦስት ቀን» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም በቅጡ አልተለማመድኩም። ትናንት ይሄን ነገር ፊቴ አስቀምጬ ጭንቅላቴን ይዤ ስቀመጥ አባቴ ሥራውን ትቶ መጣ። 'የኡሙሀኒ ልጅ አበላሽታብህ እንዳይሆን?' አለኝ። ተቆጣሁት! ሰማሽኝ? አባቴን! በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌበት የማላውቀውን ሰው፣ 'እሷ እንደዚያ አታደርግም' ብዬ ጮህኩበት።»

«ናይሮቢ የሚባል ነገር እንዳለ ነግረኸኝ ነበር? ባውቅ ኖሮ...»

«ብታውቂ ኖሮ ምን?»

ወዲያው አስተካክልልህ ነበር ማለት ቀላል ነው። ሉብና ራሷን ጠየቀች። እውነቱን ፈለገች።

«ወላሂ አላውቅም» አለች።

ይህ መልስ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። አምኃ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «አሁንስ? አሁን አውቀሻል። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።» እንባዋ ሳትፈቅድለት ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ግን እሠራልሃለሁ።»

«በምን አምንሻለሁ?»

«አትመነኝ። እዚህ ቁም። እጄን እያየህ ቁም።»

ቆመ። ሌላ ጊዜ የሚያያቸውን እጆች እንደ ዘበኛ ያያቸው ጀመር። ሉብናን ከቁጣው ሁሉ ይልቅ ያቺ አስተያየት አመመቻት።

ሰባት ሰዓት አለፈ። ላፕቶፑ እንደ ምንም ብሎ ሲነሳ የውስጡን ሥራ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። ሚሞሪው ገና ግማሹም አልተነካም። ሐርድ ዲስኩም ቢሆን ጤነኛ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን፣ ዋናው የሚያስበው ክፍል፣ ፍጥነቱ ወደ መጨረሻው ዝቅታ ወርዶ ቀርቷል። አንድ ነገር እየጎተተው ነው። ምን?

እትዬ ኡሙሀኒ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ቀይ ዓይን አይተዋል።

«ሌላ ያስተዋልከው ነገር አለ?» አለች ሉብና ቀና ሳትል፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። «ትንሽም ቢሆን። ሽታ፣ ድምፅ...»

«ድምፅማ የለውም» አለ አምኃ ቀዝቀዝ ብሎ። «ድሮ ይጮህ አልነበር? ከሰኞ ወዲህ ጭጭ ብሏል። እንዲያውም ይሄን እንኳን አሳመረችው ብዬ ነበር።»

ሉብና እጇን ላፕቶፑ ሆድ ላይ አሳረፈች። እንደ ካውያ ይፋጃል።

ጭጭ ብሏል። ድሮ የሚጮኸው ሙቀቱን ወደ ውጪ የምታስወጣው ፋን ነበረች። አጠፋችው፣ ገለበጠችው፣ ብሎኖቹን ፈታች፤ አንዱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ አልተከተለችውም። ክዳኑን አነሳች። ቅድም ሚሞሪውን ብቻ እያየች ያላስተዋለቻት፣ ከፋኗ የምትወጣው ቀጭን ሽቦ ጫፏ ከመሰኪያዋ ወጥታ ጎኗ ላይ ተጋድማለች።

«አላህዬ!» አለች በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው?»

«ፋኗ አልተሰካችም። ሰኞ ሚሞሪውን ስሰካ እጄ ነክቷት ወጥታለች። ስለማትዞር ውስጡ ይግላል። ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ሚሞሪው ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኔ ነው።»

«ይሄንንም ሆን ብለሽ ነው?»

«አይደለም።» አሁን ቀጥ ብላ አየችው። «ይሄንን አላየሁትም። ውጪ ከእማዬ ጋር ስትስቅ እየሰማሁ ነበር የምሠራው። ልቤ እዚህ አልነበረም።»

የአምኃ ፊት ትንሽ ላላ፤ ወዲያው መልሶ አጠበቀው።

ሽቦዋን ሰካች። እንደገና ጫን ብላ አረጋገጠች። ከዚያ ትንሽ አመነታችና ሁለቱንም ሚሞሪዎች፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ጎን ለጎን መለሰቻቸው። አበራችው። ፋኗ እየጮኸች ተነሳች። አምኃ እስከ ሃያ ሳይቆጥር ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ካርታውን ሲነካው እንጦጦ፣ ሸለቆው፣ እሱ ለሦስት ዓመት በእግሩ የዞረው ገደል ሁሉ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቶ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ለአንድ አፍታ ጠበኞች መሆናቸውን ረስተው ተያዩ።

«ስምንት ከሩብ» አለ አምኃ። ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው፤ በሩጫ እንኳን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

«ወዴት ትሄዳለህ አሁን?» የተናገሩት እትዬ ኡሙሀኒ ነበሩ። ተነስተው የሱቁን አንዱን የቆርቆሮ መዝጊያ እየገፉ ነው። «እዚያው ቁጭ በል። ይሄ ወያላ እንዳይረብሽህ ልዝጋው። ሉብና፣ ኢንተርኔቱን ስጪው።»

ሉብና ሆትስፖቱን ከፍታ ስልኳን አጠገቡ አስቀመጠችለት። ወጣች። መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው።

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ክር መለየት ጀመሩ። ከመጋረጃው ጀርባ የሦስት ሰዎች ድምፅ ተራ በተራ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። አምኃ መጀመሪያ ተንተባተበ። ሉብና ክሩን በጣቷ ላይ እስኪያማት ጠቀለለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ዝም ሲል ጊዜ ስታክ አደረገ ብላ ልቧ ቀጥ አለ፤ ግን ውኃ ነበር የሚጠጣው። ከዚያ ስለ ዛፎቹ መናገር ጀመረ፣ ድምፁም ተለወጠ። እንደዚህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ «እ... ማለቴ...» የሚለው ልጅ አልነበረም። ይሄ ሰው መሄድ ያለበት ሰው ነው። ይህን ስታውቅ ኩራትና ሐዘን አንድ ላይ መጡባት።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ጠየቀችው። ሉብና እንግሊዝኛውን አልሳተችውም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ትምህርቱን አቋርጠህ እንድትመለስ የሚያደርግህ፣ እዚያ የሚይዝህ ነገር ወይም ሰው አለ? ነበር ያለችው።

የፋኗ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«የለም» አለ አምኃ።

ሉብና አንገቷን ደፋች። ትክክለኛ መልስ ነው። እሷም ብትሆን የለም በል ትለው ነበር። እናቷ በጎን አይተዋት እጇ ውስጥ የተተበተበውን ክር ቀስ ብለው ወሰዱላት፤ ያኔ ነው ማልቀሷን ያወቀችው።

አምኃ ላፕቶፑን ይዞ ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

«እንዴት ሆነልህ?» አሉት እትዬ ኡሙሀኒ።

«ጥሩ ነው እትዬ። ካርታውን ወደውታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንነግርሃለን ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ባለውለታዬ ነዎት።» ወደ ሉብና ዞረ። «ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

«ያልኩት ውሸት ነው።»

«አምኃ...» አለች ሉብና ደንግጣ፣ በዓይኗ ወደ እናቷ እያመለከተች።

«ምኑ ነው ውሸቱ?» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

አምኃ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቀፈው። «የሚይዝህ ሰው አለ ወይ አሉኝ እትዬ። የለም አልኩ። አለ። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

እትዬ ኡሙሀኒ የያዙትን ክር ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«ይሄን ለእኔ ነው የምትናገረው?»

«ለእርስዎ ነው። መልስ ፈልጌ አይደለም። ዛሬ ቤትዎ አስቀምጠው፣ በርዎን ዘግተው የረዱኝ እርስዎ ነዎት። ይሄን በልቤ ይዤ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ብዬ ብወጣ የሰረቅኩዎት ይመስለኛል።»

«አባትህ ያውቃል?»

«ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።»

እትዬ ኡሙሀኒ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

ሉብና የሟች አባቷን ትዝታ፣ የአጎቶቿን ፊት፣ ከጁምዓ በኋላ የሚነገረውን ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ አየች። ሰኞ ዕለት ቃል መናገር ፈርታ አምኃን ሦስት ቀን መከራ አሳይታዋለች። ዛሬም ዝም ብትል ማን ያምናታል?

«እኔም እማዬ» አለች። «እኔም እወደዋለሁ።»

እናቷ መሬት መሬቱን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ ነበር።

«አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ክፋት የለብህም፤ አባትህም ወንድሜ ነው። እኔ የምፈራው አንተን አይደለም። ነገ የኔም ዘመድ ያንተም ዘመድ በአንድ ቀን ሲነሳባችሁ ማን መሐል እንደሚቆም ነው የምፈራው።» ቀና አሉ። «እሺ አልልህም። እምቢም አልልህም። እምቢ ማለት ከብዶኝ እንዳይመስልህ። ሂድ ተማር። እሷም ሥራዋን ትሥራ። ሁለት ዓመት ብዙ ነገር ያስረሳል። ካላስረሳ ደግሞ... ያኔ አላህ ያውቃል። አሁን ሂድ።»

አምኃ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ሉብና ዞረ። ፊቱ ላይ የቀትሩ ቁጣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ።

«ገና ይቅር አላልኩሽም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ነገ መጥቼ እንጣላለን። ይዤ የምመጣው ዕቃ ግን የለኝም።»

«እንዲሁ ና» አለችው።

ወደ ዳገቱ ሲወጣ በግማሽ ክፍት በሆነው በር አሻግራ አየችው። እናቷ «ግቢ» አላሏትም። ናይሮቢ አለ፣ አጎቶቿ አሉ፣ የነገው ጠብ አለ፤ ከፍርሃቷ አንዱም አልቀነሰም። ደረቷ ውስጥ ግን አንድም የተደበቀ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ቀሎት ተንፍሶ እንደማያውቅ ሰው፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ በረጅሙ ተነፈሰች።